የዱሩ ፍሬ የማን ነው?



በዚህ መጽሔት ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ፣ ስለ መኝታ ቤቱ ውኃ መጥፋትና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩ ስለ ቁርቁራና ስለ እንኮይ ነው። ይኸውም እኛ ተማሪዎች ለጉብኝት ወደ ብሔራዊ ፓርክ በሄድን ቁጥር ከዱሩ ዛፍ እየቀጠፍን ስለምንበላውና በከረጢት ሞልተን ስለምናመጣው ፍሬ ነው። አንባቢ «ይህ ደግሞ ምን ያጽፋል?» ከማለቱ በፊት እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ በዚህ ትንሽ ፍሬ ውስጥ የሕግና የፍትሕ ጥያቄ አለበትና።

አገራችን በዱር ፍሬ የታደለች መሆኗ የታወቀ ነው። በቆላው ቁርቁራ፣ እንኮይ፣ ሁመርና በደኖ ይገኛሉ። በወንዝ ዳር ሾላና ዶቅማ አለ። ወጣ ሲሉ ዋንዛና እሸ፣ ከዚያም በላይ አጋም፣ ኮሽም፣ ቀጋና እንጆሪ ይከተላሉ። ከመካከላችን በገጠር ያደገ ሁሉ ከነዚህ አንዱን ሳይቀምስ ፊደል አልቈጠረም። ከብት ጠባቂ ልጅ ምሳው ዱር ነው። ዝናብ በቀረበትና እህል ባነሰበት ዓመት ደግሞ እነዚሁ ፍሬዎች የልጆች መጫወቻ መሆናቸው ይቀርና የቤተ ሰብ መቈያ ይሆናሉ። ስለዚህ የዱር ፍሬ መቅጠፍ በራሱ ነውር ነው የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማን ይቅጠፍ? ስንት ይቅጠፍ? ለማንስ ተከልክሎ ለማን ተፈቀደ?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝን ነገር ባጭሩ ልናገር። ባለፈው ጥር ወር ከግቢያችን አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ወደ አንድ ቆላማ ፓርክ ለጉብኝት ሄደ። የፓርኩን ስም አልጠቅስም፤ በአንድ ፓርክ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለምና። በመንገዱ ዳር ፍሬ ያንጠለጠሉ የቁርቁራ ዛፎች ነበሩ። አውቶቡሱ በቆመ ጊዜ የወረደው ሁሉ ወደ ዛፎቹ ሮጠ። እጅ የማይደርስበትን በድንጋይ አወረዱት፤ እሾኹ ያስቸገራቸው ቅርንጫፉን እየጎተቱ ሰበሩት። የበሰለው ከጥሬው ጋር ረገፈ። አንዱ በኮፍያው፣ አንዱ በቦርሳው፣ አንዱም በሹራቡ እጅጌ ሞልቶ ወደ መቀመጫው ተመለሰ። አብሮን የነበረው ስካውት ጠመንጃውን ተደግፎ ፈገግ ብሎ ያይ ነበር።

ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ያው ስካውት አውቶቡሱን አስቁሞ ወረደ። ዐሥር ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ በቆርቆሮ ጣሳ ቁርቁራ ይዛ ከቁጥቋጦው ስትወጣ አይቷት ነበር። ጣሳውን ከእጅዋ ወስዶ ፍሬውን መሬት ላይ ደፋውና «ሁለተኛ እንዳላይሽ!» ብሎ አባረራት። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ባዶ ጣሳዋን አንሥታ ወደ መጣችበት ሄደች። ከመካከላችን አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ እኛስ ቀጥፈን የለም ወይ?» ብትለው «እናንተ እንግዶች ናችሁ» ሲል መለሰላት። መልሱን ሲሰጥ ደግ ነገር የተናገረ መስሎት ነበር።

በስካውቱ ላይ መፍረድ አልፈልግም። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ፀሐዩ ብዙ ነው፤ የተሰጠው ትእዛዝ ከፓርኩ ምንም ነገር እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ደብዳቤ ይዘው ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎችን መከልከል ጣጣ ያመጣበታል፤ የመንደር ልጅ ማባረር ግን ጣጣ የለውም። የታዘዘውን በቀለለው ወገን ፈጸመ። ጥፋቱ ከዚህ ከፍ ያለ ነው። ደንቡ ለሁሉም አንድ ሆኖ ተጽፎ ሳለ አፈጻጸሙ በአውቶቡስ ለመጣውና በእግሩ ለመጣው የተለያየ መሆኑ ነው። በግቢያችን ሳለን በጭቆናና በእኩልነት ላይ እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች ከግቢው በወጣን በጥቂት ሰዓት ውስጥ የልዩ መብት ተጠቃሚዎች ሆነን መገኘታችን ሊያስደንቀን ይገባል።

እንግዳው ማን ነው? ባለቤቱስ? ይህን ለመመለስ የፓርኮቻችንን ታሪክ ጥቂት ማየት ያሻል። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን በሕግ የታወጀው በ1969 ነው። ከዚያ በፊት ያ ሜዳ ባዶ አልነበረም፤ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን የሚያሰማሩበት ግጦሽ ነበር። በአንድ ወገን የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ፣ በሌላው ወገን ፓርኩ መሬቱን ከያዙት ወዲህ ድርቅ በመጣ ቁጥር ግጭቱ ሲታደስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1974 በተቋቋመው በነጭ ሣር ፓርክም የጉጂና የኮሬ ሰዎች በ2004 አካባቢውን እንዲለቁ ተደርገዋል። ይህን የምጽፈው ፓርክ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የስዌይን ቆርኬና የሜዳ አህያ የሚኖሩበት ስፍራ እንዲቀርላቸው እኔም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ለዚህ ጥበቃ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ መዘንጋት የለብንም። የከፈለው የጣሳዋ ልጅ ዘመድ እንጂ እኛ አይደለንም።

አሁን ደግሞ ነገሩን በዛፉ በኩል እንመልከተው። ብዙ ጓደኞቼ «ፍሬው መሬት ላይ ወድቆ ከሚበሰብስ ብንበላው ምን ይጎዳል?» ይላሉ። በዱር ውስጥ ፍሬ በከንቱ የሚወድቅበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ሾላን እንውሰድ። የሾላ አበባ የሚገኘው በፍሬው ሆድ ውስጥ ሲሆን ወደዚያ ገብታ የምታዳቅለው አንዲት ጥቃቅን ተርብ ናት። ተርቧ ያለ ሾላው ልትራባ አትችልም፤ ሾላውም ያለ ተርቧ ዘር አይሰጥም። የሾላ ዛፎች ሁሉ በአንድ ወቅት ስለማያፈሩ ሌላው ፍሬ ባለቀበት ወር እንኳ አንዱ ወይም ሌላው ሾላ በስሎ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ዝንጀሮው፣ ጦጣው፣ አረንጓዴዋ ርግብና የሌሊት ወፉ የሚሰበሰቡት ከርሱ ዘንድ ነው። በልተውም ዘሩን ርቀው ሄደው ይጥሉታል። በደኖንም ዝሆን ባለበት አገር ዝሆን እየዋጠ ፍሬውን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውረዋል። ከበላተኞቹ ሁሉ ዘሩን ለጫካው የማይመልሰው በአውቶቡስ የመጣው ነው። እኛ የወሰድነው የቁርቁራ ፍሬ አገዳው በመኝታ ቤታችን የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ቀርቷል።

ሂሳቡም ቀላል ነው። በአንድ አውቶቡስ 50 ተማሪ ቢሄድና እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ቢይዝ ግማሽ ኩንታል ይሆናል። በአንድ የበጋ ወቅት ዐሥር አውቶቡስ ቢመላለስ አምስት ኩንታል ፍሬ ከመንገድ ዳር ዛፎች ተራግፎ ሄደ ማለት ነው። ጎብኚ ሁሉ ከመንገዱ ብዙ ስለማይርቅ ጉዳቱ በእነዚያው ጥቂት ዛፎች ላይ ይወድቃል። የተሰበረው ቅርንጫፍ ደግሞ በሚመጣው ዓመት አያፈራም።

በዚህ ላይ ሌላ አደጋ አለ። ከከተማ የመጣ ሰው የሚበላውንና የማይበላውን አይለይም። እምቧይ ሲበስል ቢጫ ሆኖ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን መርዛም ነው። የአጋም ዘመድ የሆነው መረንዝ ፍሬው ሲጠቁር አጋም ይመስላል፤ ከዚህ ዛፍ ግን ከጥንት ጀምሮ የቀስት መርዝ ይቀመም ነበር። በገጠር ያለ የሰባት ዓመት ልጅ እነዚህን ለይቶ ያውቃቸዋል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን የላቲን ስማቸውን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፎ ዛፉን በዓይኑ ቢያየው ላያውቀው ይችላል።

ይህም ወደ ዕውቀት ጉዳይ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ፍሬ ልብስ ሲያጥቡ ከበታቻቸው ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚዎች ስለ ነበሩ ከዚህ ተነሥቶ ያደረገው ምርምር በዓለም ታወቀ። ሳይንቲስቱ ትልቅ ነገር ያየው ተራ ሴቶች በዱር ፍሬ የሚሠሩትን ሥራ ቆሞ ስለ ተመለከተ ነው። እንደዚሁም የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት የሚዘረዝረው ትልቁ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ በስምንት ቅጽ ሲዘጋጅ ከላቲኑ ስም አጠገብ የአገሬው ስም በየቋንቋው ተመዝግቧል። እነዚያን ስሞች የነገሩ ሰዎች ከእኛ አውቶቡስ የወረዱ አልነበሩም። እኛ ግን በጉብኝታችን ከመንደሩ ሰው ጋር አንድ ቃል ሳንነጋገር ሆዳችንን ሞልተን እንመለሳለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንዳንዱ «ለሁሉም ይከልከል» ይላል። ይህ በአፍ ሲናገሩት እኩልነት ይመስላል። ነገር ግን ክልከላው ለእኛ የአንድ ቀን ጣዕም ሲያስቀርብን ለዚያች ልጅ ምናልባት የደብተር መግዣ ያስቀርባታል። በልቶ ለጠገበና ላልጠገበ አንድ ዓይነት ክልከላ ማውጣት ሚዛኑን አያስተካክለውም። ሌላው ደግሞ «ለሁሉም ይፈቀድ» ይላል። ይህም አያስኬድም። ፍሬው ገበያ ካገኘ ነጋዴ በመኪና ይመጣል፤ ያን ጊዜ ለልጅቱም ለዝንጀሮውም የሚቀር ነገር የለም።

በጥንት ሕግ ውስጥ ለዚህ ነገር አንድ ጥሩ መለያ አለ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 መንገደኛ ወደ ባልንጀራው ወይን ቢገባ እስኪጠግብ ይብላ፣ በዕቃው ግን አይጨምር የሚል ሕግ ተደንግጓል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ደግሞ ባለ መሬት ቃርሚያውን ለድኃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል። የሁለቱን ልዩነት እናስተውል። ለመንገደኛው የተፈቀደለት አፉ የሚይዘው ነው። ለድኃው ግን ሰብስቦ ወደ ቤቱ የሚወስደው ድርሻ ተለይቶ ተቀምጦለታል። የአገራችንም ገበሬ ቢሆን መንገደኛ ከባቄላ ማሳው ጥቂት እሸት ቢቀጥፍ ሌባ አይለውም፤ አቁማዳ ይዞ ቢገባ ግን ይጮኽበታል። እኛ በፓርኩ ውስጥ ያደረግነው የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። መንገደኛው በዕቃ ሞልቶ ሄደ፤ የድኃዋ ድርሻ መሬት ላይ ተደፋ።

በዘመናዊው ሕግም ቢሆን ይህ የማይሠራበት ነገር አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ዕፀዋት መውሰድ በጠቅላላው ክልክል ነው። ሆኖም የፓርኩ ኀላፊ ዱሩን እንደማይጎዳ ካረጋገጠ በኋላ ተለይተው የታወቁ ፍሬዎችን ጎብኚው በእጁ ለቅሞ ለራሱ እንዲበላ ሊፈቅድ፣ መጠኑንም ሊወስን ይችላል፤ ለሽያጭ ግን አይሆንም። በኡጋንዳ፣ ጎሪላዎች በሚኖሩበትና እ.ኤ.አ. በ1991 ፓርክ በሆነው በብዊንዲ ጫካ፣ በአካባቢው ያሉ ሰዎች በተከለለ ስፍራ በስምምነት የመድኃኒት ዕፀዋትና ለቅርጫት ሥራ የሚሆን ሐረግ እንዲወስዱ፣ ቀፎም እንዲሰቅሉ ተደርጓል። ሩቅ ሳንሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ፓርክ፣ በሐረና ጫካ ውስጥ የአካባቢው ሰው የጫካ ቡና ይለቅማል። ቡናም ፍሬ መሆኑን አንርሳ። እርግጥ ነው፣ ቡናው ብዙ እንዲሰጥ ሲባል በዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ ከተመነጠረ ጫካው እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ለነዋሪውም ቢሆን ልክና ስምምነት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልክ መወሰን ሌላ፣ ጣሳ መድፋት ሌላ ነው።

«ፓርኮቻችንን ያጠፋቸው እኮ የአካባቢው ሰው ነው፤ ከሰል የሚያከስለው፣ ዛፍ የሚቈርጠው ማን ሆነና!» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከሰል መከሰሉና ዛፍ መቈረጡ እውነት ነው። ነገር ግን ከሰሉ የሚነድደው በማን ቤት ነው? በከተማ በእኛ ቤት አይደለምን? ደግሞም ከዛፉ በየዓመቱ ፍሬ እንዲያገኝ የተፈቀደለት ሰው ዛፉ ሲቈረጥ ዝም ብሎ የሚያይበት ምክንያት ያንሳል። ከዛፉ ምንም እንዳይነካ የተከለከለ ሰው ግን ዛፉ ቢቈረጥ የሚጎድልበት ነገር የለም። አንድ ስካውት ብዙ ኪሎ ሜትር ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም፤ በዛፉ የሚጠቀም መንደር ግን ሊጠብቅ ይችላል።

የፓርኮቹን ደንብ ማሻሻል የመንግሥት ሥራ እንጂ የተማሪዎች ማኅበር ሥልጣን አይደለም። የራሳችንን ጉብኝት ማስተካከል ግን ማንንም ሳንጠይቅ ከነገ ጀምሮ ልናደርገው የምንችለው ነው። ስለዚህ ለማኅበራችን አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በማኅበሩ ስም በሚደረግ ማናቸውም ጉብኝት ከፓርክ ፍሬም ሆነ ሌላ ነገር በዕቃ ይዞ መውጣት የተከለከለ ይሁን። ቅርንጫፍ መስበርና ዛፍን በድንጋይ መምታትም እንደዚሁ። የፓርኩ ኀላፊ ከፈቀደና ፍሬውን የሚያውቅ ሰው ካሳየን አንድ ሁለት ፍሬ እዚያው ቆሞ መቅመስ ይበቃል፤ አገዳውም እዚያው ይውደቅ። ካልፈቀደ ደግሞ አይቶ ማለፍ ነው።

ሁለተኛ፣ በየጉብኝቱ ከአካባቢው መንደር አንድ አስጐብኚ በክፍያ ይቀጠር። ገንዘቡ ከጉዞው መዋጮ ይቀነስ። ለአውቶቡስ ሙዚቃ የምናወጣውን ብናስብ ይህ አይከብደንም።

ሦስተኛ፣ ከመንደሩ ሰዎች ሕጋዊ በሆነ ስፍራ የለቀሙትን ፍሬ በመንገድ ዳር የሚሸጡ ቢኖሩ ከነርሱ እንግዛ። ራሳችን አራግፈን ከምንወስድ ለጣሳ ቁርቁራ ዋጋ መክፈል ለኪሳችንም ለዛፉም ይሻላል።

አራተኛ፣ መምህሮቻችን ለትምህርት ናሙና በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ፈቃዱን አስቀድመው እንዲያወጡ፣ ተማሪውም የፍሬውን የአገሬ ስምና ጥቅም ከነዋሪው ጠይቆ እንዲመዘግብ ያድርጉ። ይህ መዝገብ በየዓመቱ ቢጠራቀም፣ ነዋሪው ከዱሩ ምን ያህል መልቀም እንደሚችል መንግሥት በሚመክርበት ቀን የምናቀርበው ማስረጃ ይኖረናል። ማስረጃ ሳይዙ ለድኃ መከራከር ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አገር በስንት ችግር ተይዛ ሳለ አንተ ስለ ቁርቁራ ትጽፋለህ» እንደሚሉኝ እገምታለሁ። እኔም እላለሁ፤ ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን መሥሪያ ቤት ስንገባ የምንይዘው ሥልጣን መጀመሪያ ላይ ትልቅ አይሆንም። አንዱ የወረዳ ጸሐፊ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱም የፓርክ ኀላፊ ይሆናል። በፊታችን የሚቆመውም ደብዳቤ የያዘ ሰውና ጣሳ የያዘች ልጅ ነው። ለማን ተነሥተን ማንን እንደምናባርር ያን ቀን አንማረውም፤ ዛሬ በጉብኝቱ አውቶቡስ ላይ እየተማርነው ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ እነዚህ አራት ሐሳቦች ቀርበው ድምፅ እንዲሰጥባቸው የማኅበሩን ሥራ አስፈጻሚ እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው ጉዞ ሳይነሣ ይወሰን። ተቃዋሚ ካለ በዚሁ መጽሔት ይጻፍ፤ በደስታ አነባለሁ፤ መልስም እሰጣለሁ።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ